ከታንኳው ሳልወርድ የተመለስሁበት ጉዞ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

ከቤት የወጣሁት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ነው። በእጄ ዘንቢል ይዣለሁ፤ በዘንቢሉ ውስጥ ጧፍ፣ ዘቢብና ለመንገድ የሚሆን አምባሻ አለ። ያየኝ ሁሉ «ስለት ልታደርስ ነው» እንዲል ሆን ብዬ ያሰናዳሁት ነው። የሄድሁት ግን ለስለት አልነበረም። ወንድሜን ከተደበቀበት ደሴት አውጥቼ ለቀበሌ ላስረክብ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ከመጣ ወዲህ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ወንድሜ ይበልጣል አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ሞላው ስሙ ተጠራ። ከእሱ በፊት የተጠሩት የሰፈራችን ልጆች ወደ ሰሜን ሄደው ወሬያቸው ጠፍቷል። እሱም በተጠራ ማግስት ጣና ውስጥ ወዳለች አንዲት የወንዶች ገዳም ገባ፤ የነፍስ አባታችን የሚያውቋቸው መነኩሴ ተቀበሉት። የደሴቲቱን ስም አልጽፍም። ዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለም፤ አፌ ግን ያኔ ዝም ማለትን ለምዶ ቀረ።

ልጁ ሲጠፋ ቀበሌው አባቴን ወሰደ። አባቴ አናጢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የማጉት የእንጨት ብናኝ ደረታቸውን በልቶታል፤ ሲያስሉ ጎረቤት ይሰማል። እኒህን ሰው እህል ሲከማችበት በነበረ መጋዘን፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ አስተኟቸው። ምግብ ሳደርስ «ደኅና ነኝ፤ ሂጂ ወደ ሥራሽ» ይሉኛል። ደኅና እንዳልሆኑ ከበሩ ውጭ ሆኜም ይሰማኛል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያስጠራኝ ረቡዕ ዕለት ነው። ብዙ አልተናገረም።

«ጓድ ጥሩወርቅ፣ ወንድምሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ልጁን ይዘሽ ነይ፤ አባትሽን ይዘሽ ግቢ።»

ያኔ ከከተማ የሚወጣ ሰው የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። እስከ እሑድ የሚያገለግል ይለፍ ራሱ ፈርሞ ሰጠኝ። ከምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርሁ። አባቴን አላማከርሁም። ብጠይቃቸው «አይሆንም» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ያልጠየቅኋቸውም ለዚሁ ነው።

ይህን የምጽፈው አርጅቼ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ ነው። ያቺ ዘንቢል ይዛ ወደ ሐይቁ የምትወርደው ልጅ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የምነግራት ብዙ ነገር አለኝ። መንገድ ላይ እያስቆምሁ ስመክራት አንባቢ ይታገሠኝ። ያረጀ ሰው ጥርስ እንጂ ምክር አያልቅበትም።

ለምሳሌ፣ አንቺ ልጅ፣ ያንን ባለ ተረከዝ ጫማ አውልቂ። ታንኳ ላይ ልትወጪ ነው እንጂ ሰርግ አልተጠራሽም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ወደቡ

ወደቡ ገበያ መስሏል። የጨው ጆንያ፣ የላምባ በርሜል፣ በቃጫ የታሰረ ቆርቆሮ፣ እግራቸውን ተጠፍረው ተዘቅዝቀው የተያዙ ዶሮዎች። የናፍጣዋ ጀልባ ጥቁር ጢስ እየተፋች ትንቀጠቀጣለች። ዘጌን፣ ደቅን፣ ከዚያም ወዲያ ያሉትን ዳርቻዎች አዳርሳ ጎርጎራ ትገባለች። በሳምንት አንዴ ስለምትሄድ ከቀረሁ ቀረሁ ነው።

መሳፈሪያው ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ይፈትሻል። ከፊቴ ያለውን ጎረምሳ ከሰልፉ አውጥቶ ወደ ጎን አቆመው። የልጁ እናት «ገና አሥራ አምስቱ ነው! ቁመቱ ነው እንጂ ልጅ ነው!» እያለች ትምላለች። የሚሰማት የለም። ተራው የእኔ ሆነ።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለስለት።»

«የት?»

«ደቅ... ከደቅ ወዲያ... አክስቴም ታማለች፣ እግረ መንገዴን እሷንም እጠይቃለሁ።»

አክስት የለኝም። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድም አለሽ?»

«የለኝም። ማለቴ አለኝ። ትንሽ ልጅ ነው።»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚሉት ይህንን ነው። ከኋላዬ የቆመ ካኪ የለበሰ፣ ጎፈሬው የተበጠረ ሰው፣ «ጓድ፣ ጀልባዋ ልትነሣ ነው፤ ፀሐይ ላይ አታቁመን» አለው። አብዮት ጠባቂው ካኪውን ሲያይ ለስለስ አለ። ወረቀቴን መለሰልኝና አለፍሁ።

ባለ ካኪው ግን ተከትሎኝ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጭኖቹ መካከል የተቆለፈ ሳጥን አለ። ሊቀ መንበሩ ሰው እንዳስከተለብኝ በዚያች ደቂቃ እርግጠኛ ሆንሁ። ደሴቲቱን መርቼ ላሳየው ነው። እኔ ይበልጣልን ለማምጣት ስሄድ፣ ይሄ ሰው ደግሞ እዚያ የተጠለሉትን የሰው ልጆች ሁሉ ሊያስለቅም ነው።

አንቺ ልጅ፣ ስትዋሺ ቁጥብ ሁኚ። «ለስለት» ብለሽ አፍሽን ብትዘጊ ምን ነበረበት? አክስት መፍጠር ምን አመጣው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሐሙስ ረፋድ፣ ዘጌ

ውኃው ከባሕር ዳር እንደ ራቅን ጸጥ አለ። ወዲያ ማዶ ይብራዎች ተሰልፈው ይዋኛሉ። ዘጌ የደረስነው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው፤ ዳርቻው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ጫካ ነው፤ ቡናና ጌሾ፣ ከሥሩ ጥላ። ሴቶች በቁና ሎሚ ይዘው ጀልባዋን ከበቡ። አንድ መደብ በአሥር ሳንቲም። የጌሾ እስር ሲጫን የጀልባዋ ወለል ሁሉ ሸተተ።

ባለ ካኪው ሎሚ ገዛና አንዱን ዘረጋልኝ።

«ያዢው። ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አላቅለሸለሸኝም።»

«እሽ፣ ለኋላም ይሆንሻል። የት ነሽ ወራጅ?»

«ደቅ።»

«እኔም ደቅ ነኝ» አለና ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ እስከ ደቅ ድረስ ስበልታት ሄድሁ። ለምን ፈገግ አለ? ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሽጉጥ ነው እንዳልል ትልቅ ነው፤ ወረቀት ነው እንዳልል ሲያነሣው ከብዶታል። እመለስ ይሆን? ብመለስ አባቴ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ናቸው። ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሊገባ ነው፤ የመጋዘኑ ጣራ ያፈሳል። አባቴ እንዲህ ሆነው ክረምቱን አይዘልቁትም። ይህን ሳስብ ልቤ ይደነድንና «ይበልጣል ይመጣል፣ በቃ» እላለሁ። ሁሉም ሄዶ አይሞትም፣ የተመለሰም አለ፣ ጽሕፈት ቤት የሚመደብም አለ። ወዲያው ደግሞ የእነዚያ ወሬያቸው የጠፋ ልጆች እናቶች ይታዩኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እርስ በርስ መተያየት ትተዋል፤ አንዷ የሰማችውን ሌላዋ ከፊቷ እንዳታነብ ነው።

ሎሚውን ግን መጠጥሁት። አቅለሽልሾኝ ነበር።

ሐሙስ ወደ ማታ፣ ደቅ

ደቅ ትልቅ ናት፤ ደሴት መሆኗን የሚረሱባት ደሴት። የታረሰ ማሳ፣ የሚያገሳ በሬ፣ አጥር ላይ የተሰጣ መረብ። ከጀልባዋ ስወርድ ባለ ካኪውን ላስቀድመው ብዬ ዘንቢሌን እንደማስተካክል ዘገየሁ። እሱ ገና መሬቱን ከመርገጡ ገበሬዎች እየሮጡ መጥተው ከበቡት።

«ዶክተር! ኧረግ ዶክተር፣ ቆየህብን እኮ! በሬዎቹ አለቁ!»

ሳጥኑን ከፈተው። በረዶና የክትባት መድኃኒት ነው። ሰውዬው የከብት ከታቢ ነበር። ከባሕር ዳር ጀምሮ ስሸሸው የዋልሁት ሰው የበሬ ሐኪም ሆኖ ቀረ።

የማድረው የፋብሪካ ጓደኛዬ አክስት በሆኑት በእማማ እናኑ ቤት ነው። እማማ እናኑ ጥርሳቸው የረገፈ፣ ነገር ግን ሣቃቸው የማይረግፍ አሮጊት ናቸው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በበርበሬ አንተክትከው፣ በዳጉሳ እንጀራ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ሳለ ጠየቁኝ።

«ምን ተስለሽ ነው ልጄ?»

አሁንማ ተምሬያለሁ፤ አጭር መልስ ሰጠሁ።

«ልጅ እንዲሰጠኝ።»

«ይስጥሽ! ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ባል የለኝም።»

እማማ እናኑ ጉርሻቸውን አቋርጠው አዩኝ። ከዚያ ጭናቸውን እየመቱ እስኪያስነባቸው ሣቁ።

«ምነው፣ መልአኩስ ቢሆን ከየት ያምጣልሽ? ቢያንስ እኩሌታውን አንቺ አሰናጅለት እንጂ!»

አፈርሁ። እሳቸው ግን ሣቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ዘንድሮ ጧፍ ይዞ ወደዚያች ደሴት የሚሻገር ሁሉ ልጅ ፈላጊ ነው። አንቺ ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«ወንድሜን» አልሁ።

«ልታዪው ነው ልትወስጂው?»

«ልወስደው ነው። አባታችን በእሱ ምክንያት ታስረዋል።»

አልወቀሱኝም፤ «ደግ አደረግሽ» አላሉኝም። ማሰሮውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው ወጥ ጨመሩልኝ። ቆይተው ስለ ደሴቲቱ ሥርዓት ነገሩኝ።

«እግርሽ መሬቱን እንዳይነካ። ሴት አትወርድባትም። ታንኳው ላይ እንደ ተቀመጥሽ ነው የምታነጋግሪው። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ፤ ደጇን እንጂ ውስጧን አላውቅም። ስለቴንም ለቀዛፊው እየሰጠሁ ነው የማደርሰው።»

ሴት የማይገባበት ገዳም መኖሩን ባሕር ዳር ተወልጄ እንዴት አላውቅም? አውቃለሁ። ግን ዘንቢል ሳሰናዳ፣ ፈረቃ ስቀያየር፣ ስፈራና ስደነግጥ፣ ወንድሜን ክንዱን ይዤ ከግቢው ሳወጣው ነበር የሚታየኝ። ክንዱን መያዝ እንደማልችል ትዝ ያለኝ እማማ እናኑ ቤት ነው። ስለዚህ ማውጣት የምችለው በአፌ ብቻ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ወጡን ጨርሺ። ነገ እህል አፍሽ አይገባም።

ዓርብ ማለዳ፣ ከደቅ ወዲያ

እማማ እናኑ ያገናኙኝ ቀዛፊ አያ ደምሌ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ታንኳው የደንገል ነው፤ የታሰረ ሣር ላይ ተቀምጦ ሐይቅ መሻገር ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ውኃው ከሥር በቀስታ እየሰረገ ቀሚሴን ያረጥበዋል። ጫማዬን አውልቄ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትሁ።

«አትቁነጥነጪ ልጄ» አሉኝ፤ «ታንኳ የሚገለብጠው ማዕበሉ አይደለም፤ የማይረጋ ሰው ነው።»

«እየተቁነጠነጥሁ አይደለም፤ እየተንቀጠቀጥሁ ነው።»

«እሱም ያው ነው።»

ጥቂት ቀዝፈው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ስንመለስ ሁለት ነን ሦስት?»

«ሦስት።»

«ሦስት ከሆን ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ አለብን። ታንኳው ይችላል፤ ግን ይጠልቃል።»

ደሴቲቱ ከሩቅ አረንጓዴ ጉብታ ናት። እየቀረብን ስንሄድ የዛፎቹ ግንድ፣ ከዛፎቹ መካከል የሣር ክዳን ጣራ ታየኝ። አንድ ሰው ደወል መታ። ማነብነብ ጀመርሁ፤ ጸሎት ግን አልነበረም። ለይበልጣል የምለውን ነበር የምለማመደው። «ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በጣም ታመዋል። አንተ ወጣት ነህ...» እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ይቋረጥብኛል። አንተ ወጣት ነህና ምን? ወጣት ነህና ሙትላቸው?

አንቺ ልጅ፣ ንግግር አትለማመጂ። የተለማመድሽውን አንዱንም አትናገሪውም።

ዓርብ ረፋድ፣ የደሴቲቱ ደጅ

መውረጃው ለጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። አያ ደምሌ ታንኳውን ከድንጋዩ አስጠጉና በመቅዘፊያቸው ደግፈው ያዙት። ድንጋዩ ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋል። ወንድሜን የተቀበሉት አባ እሳቸው እንደሆኑ ከአነጋገራቸው አወቅሁ። ተቀምጬ ሰገድሁላቸው፤ ጧፉንና ዘቢቡን አያ ደምሌ አቀበሉልኝ።

«ስለትሽን ይቀበልሽ። የይበልጣል እኅት ነሽ፤ ግንባራችሁ አንድ ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ልወስደው ነው የመጣሁ።»

ወደ ውኃው አዩ።

«እኛ ከልካይም አሰናባችም አይደለንም ልጄ። በእግሩ መጣ። ቢሄድም በእግሩ ነው። እኔ ላስጠራልሽ፤ የቀረው የእናንተ ነው።»

አስጠሩት። ጌሾ ሲለቅም ነበር መሰለኝ፣ እጁ አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ቀጥኗል። ያረጀ ቢጫ ልብስ ለብሶ፣ እግሩ ባዶ ነው። ሲያየኝ «እትዬ!» ብሎ ሮጠና ውኃው አፍ ላይ ቆመ። እጃችን ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«አባባ ደኅና ናቸው?»

«ታስረዋል።»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ከመቅጽበት ጠፋ።

«በእኔ?»

«በአንተ።»

«ሳሉስ?»

«ብሶባቸዋል።»

የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። አንዲት ቃል ብቻ ከአፌ ወጣች።

«ና።»

መጣ። «ለምን» አላለም። «ወዴት ይልኩኛል» አላለም። ዞር ብሎ አባን እንኳ አልተሰናበተም። ቀኝ እግሩን አንሥቶ ታንኳው ላይ አሳረፈ፤ ታንኳው ወደ እሱ ዘመም አለ።

እናታችን ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጣላ «ና» ስለው ይመጣል፤ ለእራት «ና» ስለው ይመጣል፤ መርፌ ሊወጋ ሐኪም ቤት ስወስደው እያለቀሰም ቢሆን «ና» ስለው ይመጣል። አሁንም እንደዚያው ነበር የመጣው። ያ እግር ታንኳው ላይ ሲያርፍ አየሁትና ከሊቀ መንበሩም፣ ከጠመንጃውም ይልቅ አፌን ፈራሁት። ይህ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ልሂድ ብሎ አልቆረጠም። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ መታዘዙ ብቻ ነው።

እጄ ምን እንዳደረገ ያወቅሁት ከተደረገ በኋላ ነው። ከአያ ደምሌ እጅ መቅዘፊያውን ነጥቄ ድንጋዩን በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ታንኳው አፈተለከ። የይበልጣል እግር ተንሸራትቶ ውኃ ውስጥ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ቆመ።

«እትዬ!»

«ተመለስ!»

«አባባስ?»

«አልታሰሩም! ዋሽቼህ ነው! ተመለስ ብዬሃለሁ!»

መዋሸት እንደማልችል ከሁሉ የሚያውቅ እሱ ነው። ውኃው ውስጥ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ዞረና ወደ ድንጋዩ ወጣ። ይህንንም ታዘዘኝ።

አያ ደምሌ መቅዘፊያቸውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱ።

«ሦስት ነን ብለሽኝ ነበር።»

«ሁለት ነን።»

«እሽ» አሉና ታንኳውን አዞሩት።

እዚህ ቦታ ላይ ያቺን ልጅ አስቁሜ ልመክራት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ደሴቲቱ እየራቀች ስትሄድ «አባቴን ገደልኋቸው» እያለች ጉንጯን ትቧጭር ነበር። ተሳስተሻል ልላት አልችልም፤ ልክ ነሽም ልላት አልደፍርም።

ቅዳሜ፣ ጀልባው ላይ

ጀልባዋ ከጎርጎራ ተመልሳ ከደቅ አነሣችን። ሐይቁ ደፍርሷል፤ ነፋሱ ውኃውን እያፈሰ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ከታቢው ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ሲመለስ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ስለትሽ ሠመረ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት። ለዚህ ሰው የተናገርሁት የመጀመሪያው ሙሉ እውነት ነበር።

በየመንገዱ ሰበብ ስፈጥር ሄድሁ። ታመመ ልበል? ሞተ ልበል? ሞተ ብል ሟርቱ ይደርስብን ይሆን? የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደግሞ ሊቀ መንበሩ ተናድዶ አባቴን ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውራቸውስ? የት ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ? ከሥራ ቢያስወጡኝ ስንቃቸውን በምን አቀርባለሁ? ዘጌ ላይ ጀልባዋ ስትቆም ለመውረድና ጫካው ውስጥ ለመግባት አሰብሁ። አልወረድሁም። አባቴ የሚበሉትን የሚያመጣላቸው ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

አንቺ ልጅ፣ ሰበብ አትደርድሪ። ሰውዬው «የታለ?» ይልሻል፤ «የለም» ትያለሽ። ከዚያ የሚመጣውን አንቺ ብታስቢውም ባታስቢውም ይመጣል።

እሑድ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ባንዲራው ሥር ሊቀ መንበሩ ከሰዎች ጋር ቆሟል። ብቻዬን ስገባ አየና ንግግሩን አቆመ።

«የታለ?»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«አላመጣሁትም።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልመታኝም። ቀርቦ፣ ሰዎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያው ገብተሽ ለሽማግሌው አንቺው ንገሪያቸው። ልጄ ይመጣል ብለው እየጠበቁ ነው» አለኝ። ለካስ እኔ እንደ ሄድሁ የት እንደ ሄድሁ ነግሯቸው ኖሯል።

መጋዘኑ ጨለማ ነው። የበሰበሰ ጤፍ ይሸታል። አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጠዋት ጠዋት ለመቆም እንደሚቸገሩ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ቆመው ነው ያገኘኋቸው። እኔን አላዩኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው በሩን አዩ። ከእኔ ቀጥሎ የሚገባውን ሲጠብቁ ቆዩ። ዘበኛው በሩን ዘጋው።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ አባባ። ላመጣው ሄጄ ነበር። ከዚያ... አልቻልሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን። ከሐሙስ ጀምሮ ይህን በር ሳይ፣ ሁለታችሁ ትገቡብኛላችሁ ብዬ ነበር።»

ከዚያ አባቴ ሲያለቅሱ አየሁ። እናቴ ስትሞት እንኳ አላየኋቸውም ነበር። ሳል እስኪቀድማቸው ድረስ አለቀሱ፤ ሳሉ ሲያባራ እጄን ያዙና ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉኝ።

«እንዴት ነው? ከስቷል?»

«ትንሽ። ግን ጤና ነው።»

«ሳምሽልኝ?»

«አዎ አባባ» አልሁ፤ «ሳምሁልዎ።»

አባቴን የለቀቋቸው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ፣ ሌላ አንድ ክረምት ቆዩ። ያ መጋዘን ነው የገደላቸው ወይስ የእንጨቱ ብናኝ፣ ሐኪሙም አልነገረኝ እኔም አልጠየቅሁ።

መንግሥቱ ሲወድቅ የተደበቁት ሁሉ ወጡ። ይበልጣል አልወጣም። በዚያን ጊዜ መንኩሶ፣ ከደሴቲቱ ላይወጣ ቃል ገብቶ ነበር። ሴት አትገባም፣ እሱም አይወጣም። በየዓመቱ በሞተር ጀልባ እሄዳለሁ፤ እሱ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ እኔ ጀልባው ላይ እቀመጣለሁ። ነፋስ ካለ እንጯጯኻለን። ጢሙ ሸብቷል። አሁን «እትዬ» አይለኝም፤ «እኅቴ ጥሩወርቅ» ይለኛል። እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ከሰፈራችን ከተጠሩት ልጆች ስሙ ሲጠራ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው።

አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ያልሁሽን ሁሉ ብትረሺው አይከፋኝም። ድንጋዩን አትግፊ አልልሽም፤ ግፊው። ግን ያ እግሩ ታንኳው ላይ ያረፈ ጊዜ፣ መቅዘፊያውን ከመንጠቅሽ በፊት፣ አንገቱን ያዢና ሳሚው። አንዴ ለአባባ፣ አንዴ ለራስሽ። ከዚያ ግፊው።